የትራኮማው መድኃኒት ለልብ ያሰጋል?

የቆቦና የራያ ቆላ ነዋሪ አዚትሮማይሲንን በአብዛኛው የሚያውቀው በሐኪም ማዘዣ ሳይሆን በዘመቻ ነው። ፋይዘር ኩባንያ በነፃ የሚለግሰው ይህ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሰሜን ወሎን ጨምሮ በአማራ ክልል ትራኮማን ለመከላከል በካርተር ሴንተርና በላየንስ ክለቦች ድጋፍ ሲታደል ቆይቷል። አዋቂዎች 1 ግራም፣ ማለትም ባለ 250 ሚሊ ግራም 4 ፍሬ፣ በአንድ ጊዜ ይውጣሉ። ከ6 ወር በታች ላሉ ሕፃናት ግን የሚሰጠው የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ነው።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በማርች 2013 ይኸው መድኃኒት ለሞት የሚያደርስ የልብ ምት መዛባት ሊያስከትል እንደሚችል አስጠንቅቋል። ከዚያ በፊት በ2012 ከቴኔሲ ግዛት የወጣ ጥናት፣ የ5 ቀን አዚትሮማይሲን ከታዘዘላቸው 1 ሚሊዮን ታካሚዎች መካከል፣ አሞክሲሲሊን ከታዘዘላቸው ጋር ሲነጻጸር 47 ያህል ተጨማሪ የልብ ሞት እንደሚኖር ገምቶ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ልባቸው ቀድሞ የታመመ ሰዎች ላይ ግን ከፍ ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ለቀጣዩ ምት በኤሌክትሪክ ኃይል ራሱን የሚያዘጋጅበት ጊዜ አለው። አዚትሮማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን ይህን ጊዜ ሊያስረዝሙት ይችላሉ። ከመጠን በላይ ሲረዝም ምቱ ይዛባል፤ ሰውየው ራሱን ሊስት፣ አልፎም በድንገት ሊሞት ይችላል። በተቅማጥ፣ በትውከት ወይም ሽንት በሚያሸኑ መድኃኒቶች ሳቢያ ፖታሲየም ሲያንስ አደጋው ይጨምራል።

ራያ ቆላ ደግሞ የወባ አገር ነው። ቫይቫክስ ለተባለው የወባ ዓይነት የሚሰጠው ክሎሮኪንም ያንኑ የልብ ጊዜ ያስረዝማል። በ2020 የኮቪድ ሕሙማን የክሎሮኪን ዘመድ የሆነውን ሃይድሮክሲክሎሮኪንን ከአዚትሮማይሲን ጋር ሲወስዱ ሐኪሞች ይህንኑ በኢ.ሲ.ጂ. አይተዋል። አዚትሮማይሲን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ግማሹ ለመውጣት 3 ቀን ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ በዘመቻው ሰሞን ወባ የያዘው ሰው ሕክምናውን ሳያዘገይ፣ የትራኮማውን መድኃኒት መውሰዱን ለጤና ባለሙያው ቢናገር ይበጀዋል።

ይህ ሁሉ ታዲያ ዘመቻውን የሚያስጠላ አይደለም። በዚሁ ክልል ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ተካሂዶ በ2009 የታተመ ጥናት፣ መድኃኒቱ በታደለባቸው ቀበሌዎች የሕፃናት ሞት በግማሽ ያህል ማነሱን አሳይቷል። ይልቅስ የሚያሳስበው፣ ልብ ሕመምተኛው ለጉንፋን ብሎ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚገዛው ነው። ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ መድኃኒቱ አይፈይደውም፤ ለልቡ የሚያሰጋው ግን ያው ነው።