ሰሜን ተራሮች፦ የዋልያ መጠለያ፣ የገበሬ አገር

በታላላቅ ከተሞች የሚገኙ ታሪካውያን መናፈሻዎች የአትክልተኛ እጅ ሥራ ናቸው። ዛፉ በመስመር ይተከላል፤ ሣሩ ይታጨዳል፤ አበባው በመደብ ይከፋፈላል። ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በርና በአምባራስ በኩል ወደ ጨነቅ የሚዘልቅ ጎብኚ የሚያየው ግን አትክልተኛ ያልተከለውን መናፈሻ ነው። በታችኛው ዳገት አስታና አመጃ፣ ከፍ ባለው ደጋ ጓሳና ጅብራ ምድሩን ያለብሱታል። ጭላዳው በሜዳው ላይ ሣር ሲነጭ፣ ዋልያው በገደሉ አፋፍ ይታያል።

ሆኖም አትክልተኛ ያልተከለው ማለት ሰው ያልኖረበት ማለት አይደለም። ይህ ደጋ ገበሬው ለብዙ ትውልድ ገብስ ሲዘራበትና ከብት ሲያሰማራበት የኖረ አገር ነው። የፓርኩ ታሪክም የእንስሳቱ ብቻ ሳይሆን የዚህ ገበሬ ታሪክ ጭምር ነው።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1966 ተመሠረተ፤ በ1969 በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ። ዋነኛ ዓላማው ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኘውን ዋልያ ከመጥፋት ማዳን ነበር። በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ሆነ፤ ከኢትዮጵያ አብሮት የተመዘገበው ላሊበላ ነው። ነገር ግን በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን የፓርኩ ጥበቃ ተቋረጠ። የዋልያው ቁጥር በመመናመኑ፣ እርሻና ግጦሽም በመስፋፋቱ ስፍራው በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ።

ከዚህ መዝገብ ለመውጣት የተከፈለው ዋጋ ቀላል አልነበረም። የፓርኩ ክልል እንዲሰፋ ተደረገ፤ በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀው በደባርቅ ከተማ ሰፈሩ። በዓመቱ፣ በ2017፣ ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ተሰረዘ። ገበሬው ግን ከገብስ ማሳው ተለይቶ የከተማ ኑሮን እንደ አዲስ መማር ግድ ሆነበት።

በ2019 ሰደድ እሳት በደጋው ላይ በተነሣ ጊዜ ከእስራኤል ባለሙያዎች፣ ከኬንያም ሄሊኮፕተር መጥተው ረድተዋል። ይሁን እንጂ ቅጠል ይዞ በእግሩ ዳገቱን ወጥቶ እሳቱን የተጋፈጠው የአካባቢው ሕዝብ ነው። ተራራው ያለ ባለቤት እንዳልቀረ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

እንግዲህ በግጭ ሜዳ የሚያልፍ ጎብኚ የሚረግጠው ጓሳ የተፈጥሮ ስጦታ ብቻ ሳይሆን የሰው ስንብትም መሆኑን ሊያስተውል ይገባዋል። ለፓርኩ የሚያቅድ ባለሙያም ዋልያውን በቆጠረ ቁጥር ደባርቅ የወረደውን ገበሬ ኑሮ አብሮ ካልመዘነ ሒሳቡ ጎዶሎ ይሆናል።