ቻትቦት በዩኒቨርሲቲ ትምህርት፦ በዱባይ፣ በሻርጃ እና በአጅማን ለሚማሩ

ቻትቦት በተጠቃሚው ለሚቀርብለት ጥያቄ በጽሑፍ ወይም በድምፅ መልስ የሚሰጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2022 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ መሣሪያው በብዙ አገሮች የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ልማድ አካል ሆኗል። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ለሚማሩም ሆነ ልጆቻቸውን ለሚያስተምሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ጥቅሙንና ገደቡን ለይቶ ማወቅ ተገቢ ነው።

አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2017 የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሚኒስትር ዴኤታ ሾማለች። በ2023 ደግሞ ፋልከን እና ጄይስ የተሰኙ የቋንቋ ሞዴሎች በአቡ ዳቢ ይፋ ሆነዋል። ከ2025-2026 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ትምህርቱ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል እንዲሰጥ ተወስኗል።

ሦስቱ ኤምሬቶች ከአገሪቱ ዋና ዋና የከፍተኛ ትምህርት ማዕከላት መካከል ናቸው። አጅማን ዩኒቨርሲቲ በ1988 ተመሠረተ፤ የሻርጃ ዩኒቨርሲቲ እና የሻርጃ አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ በ1997 ተከፈቱ፤ የዱባይ ዓለም አቀፍ የአካዳሚ ከተማ ደግሞ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎችን ቅርንጫፎች ያስተናግዳል። በአብዛኞቹ የትምህርት ክፍሎች የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ይህ ለብዙ ተማሪዎች ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋ ነው። ከባድ ምዕራፍን በቀላል ቃላት ማስረዳትና የሰዋስው ስሕተትን ማመልከት የቻትቦት ዋና ጥቅም የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ፍሬድ ዴቪስ በ1989 ያቀረበው የቴክኖሎጂ ተቀባይነት ሞዴል እንደሚለው፣ ሰው አንድን መሣሪያ የሚቀበለው ይጠቅመኛል፣ አጠቃቀሙም አያስቸግረኝም ብሎ ሲያምን ነው። ቻትቦት ሁለቱንም ያሟላል። ይሁን እንጂ ለአጠቃቀም መቅለሉ ለመልሱ ትክክለኛነት ዋስትና አይሆንም። ፕሮግራሙ ቀጣዩን ቃል እየገመተ ስለሚጽፍ፣ የሌለን መጽሐፍ እንዳለ አድርጎ ሊጠቅስ ይችላል። በበይነ መረብ ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው እጅግ ያነሰ ስለሆነም፣ በአማርኛ የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ ይዳከማል።

ሌላው ጉዳይ በማሽን የተጻፈን ጽሑፍ ይለያሉ የሚባሉት መመርመሪያዎች ናቸው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2023 እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች በሰባት መመርመሪያዎች ፈተሹ። መመርመሪያዎቹ በአማካይ 61 በመቶ የሚሆኑትን በማሽን የተጻፉ ናቸው ሲሉ በስሕተት ፈርጀዋል። የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይም የራሱን መመርመሪያ በትክክለኛነት ማነስ ምክንያት በዚያው ዓመት ጁላይ ወር አንሥቷል። ስለሆነም በራሱ የጻፈ ተማሪም ያለ ጥፋቱ ሊጠረጠር ይችላል።

ለዚህ ሁሉ የሚከተሉት ጥንቃቄዎች ይጠቅማሉ።

• የትምህርቱን መመሪያ አስቀድሞ ማንበብ፣ ያልተብራራ ነገር ካለም መምህሩን መጠየቅ፤
• በመጀመሪያ በራስ ሞክሮ ኋላ ማብራሪያ መጠየቅ፤
• የተጠቀሰን መጽሐፍም ሆነ ቁጥር ከቤተ መጻሕፍት ማረጋገጥ፤
• ረቂቆችን ከነማሻሻያቸው ማስቀመጥ፣ ጥርጣሬ ሲነሣ ማስረጃ ይሆናሉና፤
• የፓስፖርት፣ የኤምሬትስ መታወቂያና የባንክ መረጃን አለማስገባት።

ቻትቦቱ ማብራሪያ ቢሰጥም በፈተና አዳራሽ፣ ኋላም በሥራ ገበታ ላይ የሚጠየቀው ተማሪው ራሱ ነው።