የበጎ አድራጎት ባዛርና የሱዳን ትምህርት ቤቶች

በካርቱም ሰሜን፣ በጥቁር ዓባይ ማዶ ያለው ካፉሪ ስሙን ያገኘው በዚያ ሰፊ እርሻ ከነበረው ከነጋዴው ከአዚዝ ካፉሪ ነው። እርሻውም ከጊዜ በኋላ መኖሪያ ሰፈር ሆነ።

በሱዳን ዘመናዊ ትምህርት ከመዋጮ ጋራ የተሳሰረው ከመነሻው ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902 የተከፈተው የጎርዶን መታሰቢያ ኮሌጅ የተሠራው ሎርድ ኪችነር በእንግሊዝ አገር ባሰባሰበው ከ100,000 ፓውንድ በሚበልጥ ገንዘብ ነበር። ይህ ግን የባዕድ ስጦታ ስለ ነበረ፣ ሱዳናውያን በራሳቸው ገንዘብ የሚቆሙ «አህሊያ» የተባሉትን ትምህርት ቤቶች መሠረቱ። በ1938 የተቋቋመው የምሩቃን ጉባኤም «የትምህርት ቀን» ሰይሞ ለእነዚሁ ትምህርት ቤቶች ርዳታ ሰበሰበ።

ዓመታዊው የትምህርት ቤት ባዛር የዚህ ልማድ ታናሽ ወንድም ነው። የጆንያው ሩጫ፣ የገመዱ ጉተታ፣ ቶምቦላውና እናቶች ያዘጋጁት ጣፋጭ ሻጩንም ገዥውንም ያስደስታል። ሕፃኑም በሳቅ መካከል ሒሳብ ይማራል፤ ይልቁንም ሳንቲሙ ከማያውቀው ችግረኛ እጅ እንደሚደርስ ያስተውላል።

በሚያዝያ 2023 በተነሣው ጦርነት ካፉሪ የውጊያ ሜዳ ሆነ። በዚያው ዓመት 19 ሚሊዮን የሱዳን ሕፃናት ከትምህርት ገበታ መራቃቸውን ዩኒሴፍ አስታወቀ። የሱዳን ጦር ሰፈሩን መልሶ የያዘው በ2025 ነው።

የፈረሰ ትምህርት ቤት ሲታደስ አስቀድሞ የሚታሰበው ጣሪያና መጽሐፍ ነው፤ ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ ወላጅ፣ ተማሪና መምህር በአንድ ግቢ ተሰብስበው ለሌላው የሚደክሙበት የደስታ ቀን ካልተመለሰ፣ ሕዝብ ትምህርት ቤቱን የራሱ አድርጎ ሊያየው አይችልም።