የጎረቤት ዋስትና

ገበሬን አበዳሪ ደጅ የሚያቆመው ስንፍና ሳይሆን የጊዜ ነገር ነው። ገንዘብ የሚያስፈልገው በእርሻ ወቅት፣ ገንዘብ የሚያየው ግን እህሉ ከተወቃ በኋላ ነው። በመካከል ያሉት ወራት የአራጣ አበዳሪው ናቸው። እነዚህን ወራት መሻገሪያ ድልድይ ከሠሩት አንዱ ባንከኛ ሳይሆን በጀርመን አገር የአነስተኛ መንደሮች ከንቲባ የነበረ ሰው ነው።

ፍሪድሪክ ቪልሄልም ራይፋይዘን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1818 ተወለደ። ውትድርና ጀምሮ ነበር፤ የዓይን ሕመም አስተወው። በ1845 ቫየርቡሽ በተባለ ቦታ ከንቲባ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ሰብል ጠፋ፤ ከ1846 ወደ 1847 መሸጋገሪያ በነበረው የብርድ ወራት ረሀብ ገባ። የፕሩሲያ መንግሥት ዱቄት ላከ፤ ነገር ግን ገንዘብ በእጁ ለያዘ ብቻ ይሰጥ የሚል ትእዛዝ አብሮ መጣ። ከንቲባው ትእዛዙን ወደ ጎን ትቶ ዱቄቱን ለድኻው በዱቤ ሰጠ። ካላቸው ሰዎች ገንዘብ አሰባስቦም የመንደር ዳቦ መጋገሪያ አሠራ።

ረሀቡ አለፈ፤ አራጣው ግን አላለፈም። ላም ለመግዛት የተበደረ ገበሬ ወለዱ ሲቆለልበት ላሚቱንም መሬቱንም ያስረክብ ነበር። ስለዚህ ራይፋይዘን በ1849 በፍላመርስፌልድ 60 ያህል ባለሀብቶችን በአንድነት ዋስ አድርጎ ማኅበር አቆመ። ማኅበሩ ከብት እየገዛ ለድኻ ገበሬ ይሰጣል፤ ገበሬውም ዋጋውን በ5 ዓመት ከፍሎ ይጨርሳል።

ሐሳቡ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ ዋሱ ሌላ፣ ተበዳሪው ሌላ ነበር። ባለሀብቱ ከምስጋና በቀር የሚያገኘው ስለሌለ ውሎ አድሮ ሰለቸው። በ1854 በሄደስዶርፍ የተቋቋመው የበጎ አድራጎት ማኅበርም ይኸው ዕጣ ደረሰው። ራይፋይዘን ምጽዋት ሩቅ እንደማያስኬድ የተረዳው በመከራ ነው። በ1864 በዚያው በሄደስዶርፍ ነገሩን ከሥሩ ለወጠው፦ የሚበደረው አባል ብቻ ሆነ፤ እያንዳንዱ አባልም ለማኅበሩ ዕዳ ባለው ንብረት ሁሉ ተጠያቂ ሆነ።

ያስፈራል? አዎን፣ ያስፈራል። ጉልበቱም ከዚሁ ፍርሃት የመነጨ ነበር። ማኅበሩ ከአንድ አጥቢያ ስለማይሰፋ ብድሩን ለዘር ያዋለውንና መጠጥ ቤት ያደረሰውን ጎረቤት ለይቶ ያውቃል። መሪዎቹ ያለ ደመወዝ ይሠራሉ፤ የሚከፈለው ሒሳብ ያዡ ብቻ ነው። ትርፉም ለመጠባበቂያ ይቀመጣል። ብቻውን ማንም የማያምነው ባለ ቁራሽ መሬት፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ሲቆም ታማኝ ተበዳሪ ሆነ። ራይፋይዘን ይህንን አሠራር በ1866 በመጽሐፍ አሳተመ፤ በ1888 ሲሞት ሐሳቡ ከመንደሩ አልፎ ርቆ ሄዶ ነበር።

ዕቁብና ዕድር ለለመደ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እኛም አገር ግን ማኅበር ከላይ በትእዛዝ የወረደበት ዘመን ነበር። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ገበሬው አብዛኞቹን የአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ወዲያው አፍርሶ መሬቱን ተከፋፈለ። ማኅበር ጠልቶ ይሆን? ዕድሩን እኮ አላፈረሰም። ሰው ለመረጠው ጎረቤት ቤቱን ዋስ አድርጎ ይሰጣል፤ ተዋስ ተብሎ ሲታዘዝ ግን ልቡን ይዞ ይቀራል።