ማድባት፦ በሚና ጨዋታ ከዘብ ዓይን የማምለጥ ሕግ

በጠረጴዛ ዙሪያ የሚና ጨዋታ የሚጫወቱ ወጣቶች «ስቴልዝ» የሚሉት ችሎታ አለ። ገጸ ባሕርያቸው ሳይታይና ሳይሰማ ወደ ጠላት ሲጠጋ ወይም በጠላት አጠገብ ሲያልፍ የሚሠራበት ነው። አማርኛው «ማድባት» ቢሆን እላለሁ። ነብር ሚዳቋ ሲያድን ያደባል እንላለን፤ ተደበቀ ብቻ ብንል ግን መሬት ለመሬት መሳቡን፣ ነፋሱን ማየቱን፣ ሚዳቋዋ ቀና ስትል ቀጥ ማለቱን አልነገርንም።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንዲህ ነው። ከተሰበሰቡት አንዱ አጫዋች ይሆናል፤ አገሩን፣ የአየሩን ጠባይና ጠላቱን የሚገልጸው እሱ ነው። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። አጠራጣሪው ነገር ባለ 20 ፊት ዳይስ ተጥሎ ይለያል። ከሁሉም የታወቀው ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ የጋሪ ጋይጋክስና የዴቭ አርነሰን ሥራ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ወጣ። በዓመቱ ግሬይሆክ የተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ በጥላ ውስጥ የሚደበቅ፣ ኮቴው የማይሰማ ሌባ ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ የመደበቅ ሕግ ተጫዋቾችን እንዳከራከረ አለ።

ለክርክሩ ትልቁ ምክንያት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀው መነበባቸው ነው። እኛ ለየብቻ እንጠራቸዋለን። መደበቅ ከሚከልል ነገር ውስጥ ወይም ኋላ ሆኖ ያሉበት እንዳይታወቅ ማድረግ ነው። ማድባት ደግሞ ሐሳብና ትዕግሥት ያለበት እንቅስቃሴ ነው። አድፍጦ ቆይቶ ድንገት መምታት ደፈጣ ይባላል። መሰወር ከሦስቱም ይለያል፤ ጻድቁ ተሰወሩ ሲባል ቁጥቋጦ ፈልገው ገቡ ማለት አይደለም፤ ዓይን ሊያያቸው ከማይችልበት ሁኔታ ደረሱ ማለት ነው። እነዚህን አራት ቃላት በየቦታቸው የያዘ አጫዋች ከሕጉ ጋር ብዙ አይቸገርም።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት መተማ ቆላ ይበቃናል። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. በኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመራው፣ ተልዕኮ 101 የተባለው የእንግሊዝ ቡድን ከሱዳን ተነሥቶ፣ በመተማ የሰፈረውን የጣሊያን ጦር ሸሽቶ ድንበሩን ተሻገረና ወደ ጎጃም ዘለቀ። ሥራው ከአርበኞች ጋር መገናኘትና የንጉሠ ነገሥቱን መመለስ ማሰናዳት ነበር። አዛዥ ከበደ ተሰማ በተልዕኮው ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱን ወክለው ይሠሩ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው በኦሜድላ በኩል የገቡት ከወራት በኋላ፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው።

ይህን ጉዞ ጠረጴዛ ላይ እናምጣው። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ አያባራም፣ ሣሩ አድጓል፣ ዋልካው ጫማ ይይዛል። ተጫዋቹ «አድብቼ ከኬላው በታች አልፋለሁ» ይላል። አጫዋቹ ዳይስ ከማስጣሉ በፊት የሚጠይቀው ስለ ዘቡ ነው፦ የት ቆሟል? ወዴት ያያል? ምን ይሰማዋል? የጨዋታው መጽሐፍ ግርዶሽን በሁለት ይከፍላል። ካፊያ፣ ድንግዝግዝታ ወይም ሳሳ ያለ ሣር ቀላል ግርዶሽ ነው፤ ዘቡ በዓይኑ ሲፈልግ ሁለት ዳይስ ጥሎ አነስተኛውን ይይዛል። ድቅድቅ ጨለማና ከሰው ቁመት በላይ ጥቅጥቅ ያለ ሣር ከባድ ግርዶሽ ነው፤ ዘቡ ወደዚያ ሲያይ እንደ ዕውር ይቆጠራል። ልብ ብሎ የማይፈልግ ዘብም ቢሆን ባዶ አይደለም። በ10 ላይ አስተዋይነቱና ሥልጠናው ተደምሮ የንቃት ነጥብ ይኖረዋል፤ በቀላል ግርዶሽ ከዚያ 5 ይቀነሳል። ነጥቡ 12 የነበረ ዘብ በካፊያው 7 ይሆናል ማለት ነው።

እስካሁን ያወራነው ስለ ዓይን ነው። ተጫዋቾች ደግሞ ጆሮን ይረሳሉ። ከተጓዡ ጋር ጭነት የያዘ በቅሎ ካለ፣ ሣሩ የቱንም ያህል ቢረዝም ሕጉ መፈተን ያለበት በድምፅ በኩል ነው፤ በአንጻሩ የሚወርደው ዶፍ ኮቴውን ይውጥለታል። ዱካም አለ። ዋልካ ላይ የታተመ ሰኮና በማግስቱ ፀሐይ ይደርቅና ለቀናት ይነበባል። ዛሬ ሳይታይ ያለፈ ሰው ነገ ሊከተሉት ይችላሉ፤ ይህን የሚወስነው የማድባት ዳይስ ሳይሆን ዱካ የማንበብ ችሎታ ነው። በቆላ የሚካሄድ ጨዋታ ይህን ከዘለለ ብዙ ያጎድላል ብዬ አምናለሁ።

ወቅቱን ስንለውጥ ሕጉ ሌላ መልክ ይይዛል። በመስከረም የሰሊጥ ማሳ ጎንበስ ያለን ሰው ይሸሽጋል፤ ከአጨዳ በኋላ ታስሮ የቆመው ሂላ ብቻ ይቀራል። በበጋ የዕጣን ዛፉ ቅጠሉን ያራግፋል፣ ሣሩም በእሳት ይበላል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ ከደርቡሽ ጋር የተዋጉት እንዲህ ባለ ወቅት፣ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። የደርቡሽ ጦር በእሾህ አጥር በታጠረ ዘሪባ ውስጥ ሆኖ ጠበቃቸው። በዚያ ዘሪባ ውስጥ የነበረ ወታደር ተከልሏል፤ የት እንዳለ ግን የማያውቅ ስለሌለ አልተደበቀም። በጨዋታም እንዲሁ ነው። ጠላት እያየው ከድንጋይ ኋላ የገባ ገጸ ባሕርይ ከጥይት ይድን ይሆናል እንጂ ተደበቀ አይባልም። ልጆች ኩኩሉ ሲጫወቱ ፈላጊው ዓይኑን የሚጨፍነው ለዚሁ ነው፤ እያየህ የተሸሸገ አልተሸሸገም።

ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የጨዋታው መጽሐፍ ከባድ ግርዶሽ ወይም በቂ ከለላ ይዞ ከጠላት ዕይታ ውጭ የሆነ ሰው በማድባት ዳይስ 15ና ከዚያ በላይ ካመጣ «የማይታይ» ሁኔታ ላይ ነው ይላል። ይህም ሁኔታ ከሹክሹክታ ያለፈ ድምፅ ሲያሰማ፣ ጠላት ሲያገኘው፣ ለመምታት ሲሰነዝር፣ ወይም በቃል የሚነገር አስማት ሲሠራ ይቋረጣል። ታዲያ ተደብቆ የነበረው ሰው ከሣሩ ወጥቶ በተቃጠለው ሜዳ ላይ፣ በቀጥታ በዘቡ ፊት ቢራመድስ? ከአራቱ ምክንያቶች ሦስቱ እንዳልተፈጸሙ ግልጽ ስለሆነ አሁንም አይታይም ብለው የሚሟገቱ አሉ። እኔ አልስማማም። ያ ሰው ተደብቆ ነበር እንጂ አልተሰወረም። መደበቁን የያዘለት ሣሩ ነበር፤ ሣሩ ሲቀር ዘቡ ዓይኑን ገልጦ ማየቱ ብቻ «ጠላት ሲያገኘው» ለሚለው በቂ ነው። መሰወር የአስማት ሥራ ነው፤ በአስማት የተሰወረ ሰው ሜዳውን ቢያቋርጥ ሕጉ ይፈቅድለታል፤ የሚፈራው ኮቴውንና ዱካውን ነው።

ሌላ ወገን ደግሞ ሕጉን ከልክ በላይ ያጠብቀዋል፤ ከአንድ ቁጥቋጦ ወደ ሌላው ሁለት እርምጃ የሮጠ ሁሉ ታየ ይላል። ይህም ትክክል አይደለም። ዘብ ያዛጋል፣ ዞር ይላል፣ ከጓደኛው ጋር ያወራል፣ ዝናብ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። የሚያደባ ሰው የሚጠብቀው ያቺን ቅጽበት ነው፤ ዳይሱም የሚለካው ቅጽበቷን ማግኘት አለማግኘቱን ነው። ስለዚህ አጫዋች የሆናችሁ ሁሉ፣ ተጫዋቹ «አደባለሁ» ሲላችሁ መጀመሪያ ወሩን፣ ሰዓቱንና ዘቡ የቆመበትን ተናገሩ፤ ዳይሱን ከዚያ በኋላ አስጥሉ።