መስኮቱ የአርክቴክቱ፣ ኮለኑ የመሐንዲሱ?

ሠመራ እኩለ ቀን ላይ ከመኪና የወረደ ሰው መጀመሪያ ጥላ፣ ቀጥሎ ነፋስ ይፈልጋል። ስለዚህ እዚያ የሚነድፍ አርክቴክት መስኮቱን ቢያሰፋ፣ ግራውንዱን ክፍት ትቶ ፎቁን በኮለን ላይ ቢያቆም ማንም አይፈርድበትም። ጣጣው ከመሬቱ ነው። የአፋር ዝቅተኛ ምድር ሦስት የምድር ቅርፊት ንጣፎች የሚላቀቁበት ቦታ ነው። ሙቀቱ ቤቱን ክፈተው ሲል መንቀጥቀጡ እሰረው ይላል።

የአፋር ሴት ይህን ሙግት ከኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤት በፊት ጨርሳዋለች። «አሪ» የሚባለውን ቤት የምትሠራው እሷ ናት። እንጨት ጎብጦ ይታሰራል፣ የዘንባባ ሰሌን ይለብሳል፣ ሲያስፈልግ ተፈትቶ በግመል ይጫናል። ሰሌኑ ነፋስ ያሳልፋል፤ ቅልል ያለ ስለሆነ ደግሞ መሬት ቢያናውጠው የሚጭንበት ክብደት የለውም። አርክቴክቷም መሐንዲሷም አንድ ሰው ናት።

ድንጋይና ሲሚንቶ በብዛት የመጣው ከባቡርና ከመኪና መንገድ ጋር ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎን የወለዳት የፈረንሳዮቹ ሐዲድ ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ባቡር በዚያ ዘመን ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ያድር ነበር። የጣቢያው ቡፌ በረንዳ የዚያ ዘመን መልስ ነው፤ መልሱ ግን ለፀሐይ እንጂ ለመሬቱ አልነበረም።

መሬቱ መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. ተናገረ። በአሰብ መንገድ ላይ የነበረችው ሰርዶ በመንቀጥቀጥ ፈረሰች፤ ሰው ሞተ። የአዲስ አበባውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ፒየር ጉዋን የሰርዶንም የሌሎቹንም መዝግበው በ1971 ዓ.ም. የአገራችንን የመንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አወጡ። (መሐንዲሶች ያውቁታል፤ እኛ ጋዜጠኞች ሕንፃ ሲመረቅ የምንጠይቀው ስንት ሚሊዮን ብር እንደፈጀ ብቻ ነው።) በ1987 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ ኮድም ስለ መንቀጥቀጥ ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው፤ አፋርንም ከፍተኛው አደጋ ክልል ውስጥ አስገባው።

ኮድ ግን ሁለት ሰዎችን አንድ ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጥም። በ1947 ዓ.ም. ስዊድኖች ያገዙት ሕንፃ ኮሌጅ ሲከፈት የሚያስመርቀው «የሕንፃ መሐንዲስ» ነበር፤ ነዳፊውና አስሊው አንድ ላይ ይማሩ ነበር ማለት ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቱ ልደታ፣ ሲቪል መሐንዲሱ አምስት ኪሎ ይማራል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ፕላን በተመዘገበ ባለሙያ ይሠራ አለ፤ መቼ ተገናኝተው ይነጋገሩ አላለም። ብዙ ጊዜ መሐንዲሱ የሚጠራው ሥዕሉ ካለቀና ባለቤቱ ከወደደው በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሚቀረው ኮለኑን የት ልደብቀው ማለት ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ለነፋስ ተብሎ በክፍሉ ርዝመት ሙሉ ሰፊ መስኮት ይሳላል፤ ከሥሩ እስከ ወገብ የሚደርስ የብሎኬት ግድግዳ አለ። ግድግዳው ኮለኑን ሁለቱም ጎን አጥብቆ ይይዘዋል። መሬት ሲነቃነቅ ኮለኑ በሙሉ ቁመቱ መለመጥ ሲገባው ከመስኮቱ ጎን ባለችው አጭር ክፍል ብቻ ይገፋል፤ እዚያው ይቆረጣል። መድኃኒቱ በግድግዳውና በኮለኑ መካከል ጥቂት ሳንቲሜትር ክፍተት መተውና ብሎኬቱ እንዳይወድቅ በሌላ መንገድ ማሰር ነው። ርካሽ ነገር። ግን የአርክቴክቱ ፕላን ላይ ካልተሳለ መሐንዲሱ ቢያስበውም ግንበኛው በሲሚንቶ ይደፍነዋል። ከሁለቱ የማንም ብቻ አይደለም።

በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ ለወራት ተናወጡ። ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ተሰነጠቁ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተፈናቅሎ መጠለያ ገባ፤ ንዝረቱን አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለነው ጭምር ሰማነው። ለእነዚያ ልጆች የሚሠሩት አዳዲስ ክፍሎች መስኮታቸው ሰፊ መሆኑ አይቀርም፤ ሙቀቱ የት ይሄዳል? እኔ ያቺ የጥቂት ሳንቲሜትር ክፍተት በማን ፕላን ላይ እንዳለች ማየት እፈልጋለሁ።