የልደታ ማኅበርተኞች ወደ ጐንደር የተጓዙበት ዜና

በእግዚአብሔር አጋዥነት፣ በእመቤታችንም አማላጅነት ታምኜ፣ የልደታ ጽዋ ማኅበርተኞች በ2010 ዓ.ም ለበዓለ ጥምቀት ወደ ጐንደር የተጓዙበትን ዜና፣ ጻፍ ብለው ያዘዙኝ የማኅበሩ ሙሴ እንደ ወደዱት እጽፋለሁ።

ልደታ መንገደኛ መሸኘት የጀመረችው ዛሬ አይደለም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ መብረር ሲጀምር የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ እዚሁ ልደታ ነበር። ቦሌ ኋላ የመጣች ናት።

ጥር 8 ቀን ዶሮ ሲጮኽ ተነሥተን የዓባይን በረሃ ተሻገርን። ደጀን ላይ ሙሴው ከአውቶቡሱ ተለይተው ጥቂት ቆዩ፤ እግዚአብሔርም የወደደውን አደረገ።

በማግሥቱ አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም የቆረቈሯትን ከተማ ገብተን፣ ግንቡን፣ ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም ጐንደርን ሲያቃጥል የንብ መንጋ ጠበቀው የሚባለውን የደብረ ብርሃን ሥላሴን ቤተ መቅደስ፣ ከጣራውም ቍልቍል የሚመለከቱትን የመላእክት ገጾች አየን። በ1859 ዓ.ም በከተማይቱ የሆነውን ግን፣ የመይሳው ካሳ ወዳጅ ነኝና፣ አልጽፍም።

የከተራ ዕለት፣ ታቦታቱ በጸናጽልና በከበሮ፣ በካህናት ማሕሌትና በእልልታ ታጅበው ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ፣ ከቀሃ ወንዝ በተሳበው ውሃ የተሞላውን ባሕረ ጥምቀት፣ የዛፎቹም ሥር እንደ እባብ የተጠመጠመበትን ቅጥር ሕዝቡ ከብቦት አደረ። በዚያች ሌሊት ሙሴው ያደረጉት ሊነገር የሚገባው ነው፤ በነጭ ጋቢያቸው ተጀቡነው፣ ዳዊታቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ቍሩ አጥንት ሲሰብር እንኳ አንዲት እርምጃ ሳያፈገፍጉ፣ ለልደታ እናቶች ከውሃው ዳር ቦታ አስከብረው አደሩ። ከሌላ ሀገረ ስብከት የመጡ ብዙዎች ገፉአቸው፤ አልተነቃነቁም። በነግህ አባቶች ውሃውን ባርከው ወጣቱ እየዘለለ በገባ ጊዜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የተረጨነው እኛ ነበርን። እርግጥ ከጥቂት ጐንደሬዎች በኋላ ነው፤ ቤታቸው ነውና አይወቀሱም።

የቅዱስ ሚካኤል ታቦት እንደ ሥርዓቱ ለጥር 12 አደረ፤ እኛም እርሱን ሸኝተን ተመለስን። በመንገድ ላይ ስለ ምሳ ገንዘብ የተነሣው ነገር በፍቅር ተፈጽሟል።

ጥር 14 ቀን ማታ ልደታ ገባን። የጠበሉ ጀሪካን በደጀ ሰላሙ ተቀምጧል፤ ያልሄዳችሁ መጥታችሁ ቅዱ፣ ጀሪካኑን ግን መልሱ።